ካርድ ብቻ ባለው ቤተ መጻሕፍት የ1960ውን የጎጃም ዐመፅ ማጥናት

ጥያቄ፦ በምሥራቅ ጎጃም በአንዲት ወረዳ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ታሪክ አስተምራለሁ። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት በጎጃም ስለ ተነሣው ዐመፅ ተማሪዎቼ አጥንተው እንዲጽፉ ሥራ ሰጥቻለሁ። ኢንተርኔት አይታሰብም፤ የከተማችን ቤተ መጻሕፍትም ኮምፒውተር የለውም፤ ያለው የካርድ መሳቢያ (የየመጽሐፉ የደራሲ፣ የርእስና የጉዳይ ካርዶች በፊደል ተራ የተደረደሩበት) እና መደርደሪያ ብቻ ነው። ልጆቹ መሳቢያውን ከፍተው ያዩና «ምንም የለም» ብለው ይመለሳሉ። ከየት እንድንጀምር ይመክሩናል?

ምላሽ፦ መምህር፣ ልጆቹ «ምንም የለም» ያሉት መጽሐፉ ስለሌለ ላይሆን ይችላል። ኮምፒውተር ቃል ተሳስተው ቢጽፉለት ገምቶ ያቀናል፤ የካርድ መሳቢያ ግን አይገምትም። ካርዱን የጻፈው ሰው ጉዳዩን በምን ስም እንደ ጠራው፣ በየትኛው ፊደል እንደ ጻፈው፣ በየትኛው ቁጥር እንደ መደበው፣ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደ መዘገበው ያሰበ አንባቢ ያገኛል፤ ይህን ሳያስብ የገባ ባዶ እጁን ይወጣል። የመረጡት ርእስ ደግሞ እነዚህን አራቱንም የሚፈትን ስለ ሆነ ለማስተማሪያነት ከዚህ የተሻለ ማግኘት ይከብዳል።

ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ በክፍል ውስጥ ይሥሩ። ጉዳዩ በየዘመኑ የተጠራባቸውን ስሞች ከልጆቹ ጋር ሰሌዳ ላይ ይዘርዝሩ። ዛሬ አርሶ አደር የምንለው ሰው በደርግ ዘመን ጽሑፍ ገበሬ ነው፤ በንጉሡ ዘመን ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ባላገር ወይም ገባር ተብሎ ይገኛል። ጎጃም በንጉሡ ጊዜ ጠቅላይ ግዛት፣ በደርግ ጊዜ ክፍለ ሀገር ነበረ። ሞጣና ቢቸና ያኔ አውራጃዎች ስለ ነበሩ «ወረዳ» የሚል ርእስ ብቻ የሚፈልግ ልጅ የአውራጃውን ሰነድ አልፎት ይሄዳል። ዐመፅ የሚለውንም ቃል ሁሉም ጸሐፊ አይጠቀምበትም፤ አንዱ ሁከት ያለውን ሌላው ሽፍትነት፣ ሌላው እምቢተኝነት፣ ሌላው የገበሬዎች ትግል ሊለው ይችላል። በግብር በኩልም የእርሻ ገቢ ግብር፣ የመሬት ግብርና አሥራት የሚሉት ሦስቱም መፈለግ አለባቸው፤ የ1960ው ሕግ የአሥራትን ክፍያ አስቀርቶ በእርሻ ገቢ ላይ ግብር የጣለ ነውና። ለእንግሊዝኛ መጻሕፍት ደግሞ «ፔዛንት አፕራይዚንግስ» (የገበሬዎች ዐመፆች)፣ «ላንድ ቴኑር» (የመሬት ይዞታ) እና «ታክሴሽን» (ግብር) የሚሉትን ርእሶች ይጻፉላቸው፤ ከእያንዳንዳቸው ቀጥሎ ኢትዮጵያ የሚለው የአገር ስም ይመጣል።

ይህ ዝርዝር በእጃቸው ሳይኖር ማንንም ወደ መሳቢያው አይላኩ። ልጆች ብዙ ጊዜ የሚያባክኑት መሳቢያውን ከፍተው ቆመው ማሰብ ሲጀምሩ ነው።

ቀጥሎ የፊደል ነገር ይመጣል። የአማርኛ ካርዶች በሀ ሁ ቅደም ተከተል ሲደረደሩ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላት በተለያየ ቦታ ይወድቃሉ። «ዐመፅ» ተብሎ የተጻፈው ካርድ ከወ ቀጥሎ ባለው በዐ ሥር ነው፤ «አመፅ» ተብሎ የተጻፈው ከከ በፊት በአ ሥር ነው፤ ምናልባትም ሁለቱ የሚገኙት በተለያየ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሀ የመጀመሪያው ፊደል ነው፤ ሐ ከለ ወዲያ ይመጣል፤ ኀ ደግሞ ከተ ቤት አልፎ ከነ በፊት ነው። ስለዚህ «ኃይሌ» የሚባል ደራሲ በሦስት ቦታ ሊፈለግ ይችላል። ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀም እንደዚሁ ናቸው። የአገራችን ስም ራሱ በቆዩ መጻሕፍት «ጐጃም» ተብሎ በጐ ተጽፎ ይገኛል፤ አንዳንዱ ካርድ ደርዳሪ ጐን ከጎ ጋር ይቀላቅለዋል፣ ሌላው ከገ ቤት መጨረሻ ያስቀምጠዋል። መጽሐፍ የለም ከማለት በፊት እያንዳንዱን ቃል በሚቻለው የፊደል ዓይነት ሁሉ መፈለግ ግዴታ ይሁን። አንድ ነገር ልጨምር፦ በ«የ» የሚጀምሩ የመጽሐፍ ርእሶች ስፍር ቁጥር የላቸውም፤ የርእስ ካርዶች በሚደረደሩበት ክፍል የየ መሳቢያ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም የተጨናነቀው ነው። ልጆች ሲሰለቹ ከዚያ ላይ ስለሚያቆሙ እስከ መጨረሻው እንዲያገላብጡት ያሳስቧቸው።

የደራሲ ስም ሌላው እንቅፋት ነው። እኛ ሰውን የምንመዘግበው በራሱ ስም ነው፤ የፈረንጅ አሠራር ግን የአባትን ስም ያስቀድማል። በ1960ው ዐመፅ ላይ ከተጻፉት ሥራዎች ዋነኛ የሆነውን ይውሰዱ። ገብሩ ታረቀ ስለ ትግራይ፣ ስለ ባሌና ስለ ጎጃም የገበሬዎች ዐመፆች በእንግሊዝኛ የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1991 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሟል። የደራሲው ካርድ በትክክል ከተሠራ በገብሩ ይገኛል፤ የውጭውን ልማድ የተከተለ ሠራተኛ ከሠራው ደግሞ በታረቀ ይሆናል። በሌላ መጽሐፍ ዋቢ ዝርዝር ላይም በሁለቱም መንገድ ተጽፎ ያገኙታል። ማዕረግም እንዲሁ ያሳስታል፤ ፊታውራሪ፣ ደጃዝማች፣ አለቃ፣ አባ የሚሉት ቃላት አንዳንዴ የስሙ መጀመሪያ ተደርገው ይደረደራሉ። ስለዚህ በራስ ስም፣ በአባት ስምና በማዕረግ፣ በሦስቱም ይፈለግ።

አንድ ትክክለኛ ካርድ ካገኙ በኋላ ሥራው ይፋጠናል፤ ይህንን ለልጆቹ በደንብ ቢያሳዩልኝ እወድዳለሁ። ደረጃውን የጠበቀ ካርድ ቁመቱ 7.5 ወርዱ 12.5 ሴንቲ ሜትር ነው። በግራ ጫፍ ከላይ የመጽሐፉ የመደርደሪያ ቁጥር አለ፤ ሁሉም የሚቀዳው እርሱን ነው። ግርጌውን ግን የሚያነብ የለም። ከግርጌ በተራ አኃዝ 1፣ 2፣ 3 እየተባሉ የተዘረዘሩት ያው መጽሐፍ የተመደበባቸው የጉዳይ ርእሶች ናቸው፤ በሮማውያን አኃዝ የተዘረዘሩት ደግሞ ተጨማሪ ካርድ የተሠራላቸው ስሞችና ርእሶች ናቸው። ልጁ ጉዳዩን በምን ቃል መፈለግ እንዳለበት ካርዱ ራሱ ይነግረዋል። ከግርጌው የተገኘውን የጉዳይ ርእስ ይዞ ወደ ጉዳይ ካርዶች መሳቢያ ሲሄድ በዚያ ርእስ የተመደቡትን ሌሎች መጻሕፍት ያገኛል። መጽሐፍ ሳይወለድ የሚባዛ መስሎ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። «ተመልከት» ወይም «ደግሞ ተመልከት» የሚል ካርድ ሲያጋጥማቸውም እንደ ትእዛዝ ይከተሉት።

አሁን ወደ ቁጥሩ። አብዛኞቹ የሕዝብና የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀሙት ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያሳተመውን የአሥርዮሽ አመዳደብ ነው። ዕውቀትን ከ000 እስከ 900 በዐሥር ይከፍላል። የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ነው። ልጆች ሁሉ ወደ 963 ይሮጣሉ፤ እዚያ ያለውን ያዩና ይጨርሳሉ። የእናንተ ርእስ ግን በአንድ መደርደሪያ አያልቅም። ግብር 336.2 ላይ ነው፤ የመሬት ይዞታ 333.3፤ የግብር ሕግ 343.04፤ ገበሬው እንደ ማኅበረሰብ ክፍል 305.5 ውስጥ፤ ማኅበራዊ ግጭትና ዐመፅ 303.6። ክፍሉን በእነዚህ ቁጥሮች ይከፋፍሉትና እያንዳንዱ ቡድን አንድ መደርደሪያ ይያዝ። መደርደሪያው ሲነበብ አሥርዮሽነቱን መርሳት አይገባም፤ 336.24 የሚመጣው ከ336.3 በፊት ነው። ሃያ አራት ከሦስት ይበልጣል ብሎ ወደ ቀኝ የሚሄድ ልጅ መጽሐፉን አያገኘውም። በእርዳታ የመጡ ቆየት ያሉ መጻሕፍት ባሉበት ቤት ደግሞ 301ን መመልከት አይዘንጋ፤ የማኅበረሰብ ጥናት ወደ 302 እስከ 307 የተበተነው እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው 19ኛው እትም ስለ ሆነ ከዚያ በፊት ቁጥር የተሰጣቸው መጻሕፍት አሁንም 301 ላይ ተከማችተው ሊገኙ ይችላሉ።

ቁጥሩ ትክክል ሆኖ መጽሐፉ ከቦታው ከታጣ ተስፋ አይቁረጡ። ከግራና ከቀኝ፣ ከላይና ከታች ያለውን መደርደሪያ ይዩ፤ ቁጥሩ ተገላብጦ 363 ላይ ገብቶ እንደ ሆነ ይመልከቱ፤ ተነብበው ገና ወደ ቦታቸው ያልተመለሱት የተቀመጡበትን ጠረጴዛ ይጠይቁ። መጽሐፉን ሰው ተውሶት ከሆነ በመጽሐፉ ሽፋን ውስጥ ከተለጠፈው የወረቀት ኪስ የወጣው ካርድ በማዋሻው ክፍል ስለሚቀመጥ መመለሻ ቀኑን ማወቅ ይቻላል። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚጠቅመው ደግሞ አንባቢ የማያየው ነገር ነው፤ በብዙ ቤተ መጻሕፍት የሠራተኞች ክፍል ውስጥ መጻሕፍቱ በመደርደሪያው ቅደም ተከተል የተመዘገቡበት ሌላ የካርድ ስብስብ አለ። የተዋሰውም፣ የጠፋውም፣ ለጥገና የተነሣውም እዚያ ይታያል። ካርድ መሥራት ከቆመ ዓመታት ተቆጥረው ከሆነ ደግሞ የገቢ መዝገቡን ይጠይቁ። እያንዳንዱ መጽሐፍ በገባበት ቀን የተመዘገበበት ትልቅ ደብተር ነው፤ ካርድ ያልተሠራላቸው መጻሕፍት በእርሱ ላይ ይገኛሉ። በኃላፊው ፈቃድ አንድ ቡድን ተቀምጦ ሊያነብበው ይችላል።

የዘመን አቆጣጠሩን በተናጠል ማንሣት ይኖርብኛል፤ የእናንተን ርእስ ከሁሉም በላይ የሚያበላሸው እርሱ ነው። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1967 በነጋሪት ጋዜጣ ወጣ። አንድ ተማሪ «ልዩነቱ ስምንት ዓመት ነው» ብሎ ከ1967 ላይ 8 ቢቀንስ 1959 ይደርሳል፤ የዚያን ዓመት ጥራዝ ቢያገላብጥ አዋጁን አያገኘውም። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት፣ ማለትም የፈረንጆች ዓመት እስኪለወጥ ድረስ ልዩነቱ 7 ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ነው። ኖቬምበር በእኛ ጥቅምትና ኅዳር ስለሚሆን አዋጁ የ1960 ዓ.ም. ነው። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ደግሞ ዐመፁን በ1968 ይመድቡታል፤ የእነርሱ 1968 በእኛ የ1960ን አብዛኛውን ክፍልና የ1961ን መጀመሪያ ይይዛል። ስለዚህ ጋዜጣ የሚፈልገው ቡድን የሁለቱንም ዓመታት ጥራዝ ማየት አለበት። ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣ ሲሆን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይታተማል፤ የሁለቱን ቀኖች አስተያይተው ልጆቹ ስሌታቸውን ራሳቸው ሊያርሙበት ይችላሉ። በካርዱ ላይ ያለው የኅትመት ዓመት በየትኛው አቆጣጠር እንደ ተጻፈም ይጠራጠሩ፤ ዓ.ም. የሚል ከሌለበት ማተሚያ ቤቱን አይተው ይወስኑ።

ጋዜጣ ያለ ኮምፒውተር የሚፈለገው በቀን ነው። አዲስ ዘመን ከግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ጀምሮ እየታተመ ስለ ሆነ ጥራዙ ባለበት ሁሉ ያ ዘመን አለ፤ ነገር ግን ገጽ በገጽ ማገላበጥ ያደክማል። መጀመሪያ ከመጽሐፍ የታወቁ ቀኖችን ይሰብስቡ፤ ከዚያ በእያንዳንዱ ቀን ዙሪያ ያሉትን ሁለት ሦስት ሳምንታት ብቻ ያንብቡ። አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይንገሯቸው፦ የዚያን ጊዜ ጋዜጣ የመንግሥት ነበር። «ጎጃም ዐመፀ» የሚል አርእስት ጠብቀው ካጡት ጉዳዩ አልተዘገበም ብለው እንዳይደመድሙ። የሹመትና የዝውውር ዜና፣ የባለ ሥልጣናት ጉብኝት፣ ስለ ግብር የተሰጠ ማብራሪያ፣ የይቅርታ ቃል ይፈልጉ። የጎጃም ጠቅላይ ግዛት እንደ ራሴ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም የተነሡት በዚሁ ዐመፅ ምክንያት ነው፤ የተጠራቀመው የግብር ዕዳም ተሰርዟል። ልጆቹ እነዚህ ሁለት እርምጃዎች በጋዜጣው እንዴት እንደ ቀረቡ አንብበው በኋላ ከተጻፈው ጋር ቢያነጻጽሩ ታሪክን ከምንጭ ማንበብ ምን እንደ ሆነ ያን ዕለት ይገባቸዋል።

መጽሐፍ እጃቸው ከገባ በኋላ ከመጀመሪያው ገጽ እንዳይጀምሩ ያስተምሯቸው። ማውጫውን፣ ከዚያ መቅድሙን፣ ከዚያ የመጨረሻዎቹን ገጾች ይመልከቱ። በእንግሊዝኛ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ የስምና የጉዳይ መጠቁም (ስሞችና ጉዳዮች ከነገጽ ቁጥራቸው የተዘረዘሩበት) ይገኛል፤ በዚያ ላይ ጎጃም በተለያየ አጻጻፍ ስለሚሰፍር አንዱን ዓይነት ብቻ ፈልገው አይተዉ። ሞጣና ቢቸናም ለየብቻ ይፈለጉ፤ ስለ ጎጃም ምዕራፍ የሌለው መጽሐፍ ስለ ሞጣ ሦስት ጥሩ ገጾች ሊኖሩት ይችላል። ብዙ የአማርኛ መጻሕፍት መጠቁም የላቸውም፤ ለእነርሱ የምዕራፍ አርእስቱና የንኡስ አርእስቱ መመሪያ ነው። ዋቢ መጻሕፍት የተዘረዘሩበትን ገጽ ግን ማንም እንዳይዘለው። ጥሩ ጸሐፊ ለዓመታት የፈለገውን ለአንባቢው በጥቂት ገጽ አስቀምጦለታል፤ ከዚያ ላይ የተገኘው ስም እንደገና ወደ ካርድ መሳቢያው ይወስዳል። እኔ አንድ ጥሩ ዋቢ ዝርዝር ከአንድ ሙሉ የኢንተርኔት ፍለጋ ይልቅ አምናለሁ፤ መጻሕፍቱን መዝኖ የመረጣቸው ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ነውና።

የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ስለ መጠየቅ። «ስለ ጎጃም መጽሐፍ አለ?» ተብሎ የተጠየቀ ሠራተኛ ወደ 963 ከመጠቆም በቀር ምን ሊያደርግ ይችላል? «በ1960 ዓ.ም. ስለ ወጣው የእርሻ ገቢ ግብር እንፈልጋለን፤ 336.2ንና 963ን አይተናል፤ ይህን ይህን አግኝተናል» ብለው ከቀረቡ ግን ያላሰቡትን ሣጥን ሊከፍትላቸው ይችላል። በጠባብ ክፍል የተቆለሉ ያልተመዘገቡ መጽሔቶች፣ የመንግሥት ሪፖርቶች፣ ከተዘጋ መሥሪያ ቤት የመጡ ጥራዞች በየከተማው ቤተ መጻሕፍት አሉ፤ የት እንዳሉ የሚያውቀው ሠራተኛው ነው። ሰላምታ ሰጥቶ፣ ጊዜ ወስዶ፣ ሥራውን አክብሮ የሚጠይቅ ተማሪ እንደሚያገኝ ልጆቹ ይወቁ።

ስለ ማስታወሻ አጭር ልበል። ፎቶ ማንሻም ፎቶ ኮፒም ከሌለ አንድ የደብተር ገጽ በአራት ተቆርጦ በእያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ሐሳብ ብቻ ይጻፍ። ከላይ ደራሲ፣ ርእስ፣ ማተሚያ ቤት፣ ዓመትና ገጽ፤ የመደርደሪያው ቁጥርም አይቅር። ቃል በቃል የተገለበጠው በትእምርተ ጥቅስ ይግባ፤ የራሳቸው አስተያየት ከመስመር በታች ይሁን። በእርሳስ ይጻፍ። የገጽ ጥግ ማጠፍ፣ ከመጽሐፍ ላይ ማስመር ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። በዲማም ሆነ በመርጡለ ማርያም የብራና መጻሕፍትን የሚያውቁ አባቶች እንደሚነግሯችሁ፣ የጥንቱ አንባቢ ቦታ ለማስታወስ ሲሻ በገጹ ጠርዝ ቀለም ያለው ክር ያስርበት ነበር፤ ጽሑፉን አይነካውም።

የከተማችሁ ቤተ መጻሕፍት አቅሙ ሲያልቅ ሁለት ሦስት ልጆችን ወክለው ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጋር ይላኩ። የሚፈልጉት በካርድ ላይ ተዘርዝሮ ይሂድ እንጂ «እስቲ ያለውን እዩ» አይባሉ። የታሪክ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎችን ይጠይቁ፤ ስለ አንድ አውራጃ ብቻ የተጻፉ ጥናቶች የሚገኙት በእነርሱ ውስጥ ነው። ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ጥራዝ የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ካለ ጎጃምና ደብረ ማርቆስ በሁለተኛው ጥራዝ ናቸው፤ ቅደም ተከተሉ በላቲን ፊደል ስለ ሆነ ጮቄን የሚፈልግ ልጅ ወደ አንደኛው ይሂድ። በየመግቢያው ሥር ያለው የዋቢ ዝርዝር ከጽሑፉ እኩል ይጠቅማል። አዲስ አበባ የሚሄድ ዘመድ ወይም ባልደረባ ካላችሁ ደግሞ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርና በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አሉ፤ ለእነርሱም የጥያቄ ካርዱን አዘጋጅተው ይላኩ። የመጽሐፉ ደራሲ፣ ርእስ፣ ዓመትና የተፈለገው ገጽ በግልጽ ከተጻፈ ሌላ ሰው ሊገለብጥላችሁ ይችላል።

በመጨረሻ አንድ ሥራ ለእርስዎ ልስጥ። ልጆቹ ባነበቡት በእያንዳንዱ የአዲስ ዘመን ጥራዝ ውስጥ ስለ ጎጃም የሚናገረውን ዜና ሁሉ በካርድ ይመዝግቡት፤ አንድ ዜና በአንድ ካርድ። በመጀመሪያው መስመር የቦታውን ወይም የሰውን ስም፣ በሁለተኛው ጉዳዩን በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ በሦስተኛው የጋዜጣውን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ቁጥሩንና ገጹን ይጻፉ። ከግርጌ የመዘገበው ተማሪ ስምና ዓመተ ምሕረት ይኑር፤ ስሕተት ሲገኝ ማንን መጠየቅ እንዳለበት ይታወቃል። ፊደሉን በተመለከተ አንድ ደንብ አውጡና ከመሳቢያው ፊት ለጥፉት፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀ በአንድ ላይ፤ አና ዐ በአንድ ላይ፤ ሰና ሠ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። ከሚመጣው ዓመት ክፍል ሌላ ጥራዝ ይቀጥላል። ካርዶቹን የሚያስቀምጡበትን መሳቢያ ከቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጋር ተነጋግረው አሁኑኑ ያስለዩ፤ ካርዱ ሲበዛ ቦታ መለመን ከባድ ነው።